የወይራ ቅጠል ያላስለቀቀው ነጥብ

ነገሩ የደረሰብኝ ባለፈው ዓመት በጸሎተ ሐሙስ ዕለት፣ እዚሁ ካምፓላ ውስጥ ነው። ዛሬም ካልሲዬን ባወለቅኩ ቁጥር ትዝ ይለኛል። ካልሲ ደግሞ በየቀኑ ነው የሚወለቀው።

መጀመሪያ ስለ ራሴ ትንሽ ልናገር። ጌታሁን እባላለሁ። በአንድ አየር መንገድ የጭነት ክፍል ውስጥ እሠራለሁ። ከባለቤቴ ከሰብለ ጋር ቡጎሎቢ ካሉት ፎቅ ቤቶች በአንዱ እንኖራለን፤ ልጆቻችን አድገው ከቤት ወጥተዋል። ዕድሜዬ ሃምሳን ከተሻገረ ቆይቷል። ፀጉሬም ከተሰናበተኝ እንደዚሁ።

ፀሐይን እፈራለሁ። እባብ የሚፈራ ሰው አለ፣ ከፍታ የሚፈራ አለ፤ የእኔ ፀሐይ ናት። አንድ ጊዜ ስልኬ ላይ ፀሐይ የቆዳን ሕዋስ ዘረመል እያበላሸች ካንሰር እንደምታመጣ አነበብኩና ከዚያ ወዲያ ዕረፍት አጣሁ። ጠርዙ ትከሻዬ ድረስ የሚያጠላ ባርኔጣ ገዛሁ። ጠዋት ከቤት ሳልወጣ ፊቴን፣ አንገቴን፣ ጆሮዬን ሳይቀር የፀሐይ መከላከያ እቀባለሁ። ሸሚዜ ሁልጊዜ እጀ ረጅም ነው። ሰማዩ ጥርት ካለ ደግሞ ከባርኔጣው በላይ ጃንጥላ እጨምራለሁ።

ካምፓላ ውስጥ ጃንጥላ ለዝናብ ነው። እኔ በጠራራ ፀሐይ ዘርግቼው ስሄድ የሚያዩኝ ሰዎች ቀና ብለው ደመና ይፈልጋሉ። ሰፈራችን መታጠፊያ ላይ ሞተራቸውን ደርድረው ሰው የሚጠብቁት የቦዳ ነጂዎች "ሙዜ ኮፊያ" የሚል ስም አወጡልኝ። ባለ ባርኔጣው ሽማግሌ እንደ ማለት ነው። ስሙ እንደማይለቀኝ ባወቅኩ ጊዜ አቤት ማለት ጀመርኩ።

ለብቻዬ ብፈራ ማንም ባልተቸገረ። እኔ ግን ሰውንም አስፈራለሁ። ክርስትና ላይ፣ ልደት ላይ፣ ማኅበር ላይ፣ ሰው ጠላውን ይዞ ጨዋታ ሲጀምር እኔ ስለ ዘረመል እጀምራለሁ። ሰብለ ገና አፌን ስከፍት "ስብከቱ ደረሰ፣ ተቀመጡ" ትላለች። እሷ ኮፍያ የሚባል ነገር አታውቅም። ገበያ ስትሄድ ፀሐዩን እንደ ዘመድ ነው የምትቀበለው።

አሁን ወደ ነጥቡ ልምጣ።

የቤተ ክርስቲያናችን አግዳሚ ወንበሮች አርጅተው ነበርና ምእመናኑ አዲስ እናሠራ ተባባልን። እኔ ተወከልኩና ብረቱን ለማስበየድ ካትዌ ሄድኩ። ካትዌ ብረት የሚቆረጥበት፣ የሚቀጠቀጥበት፣ የሚበየድበት ሰፈር ነው፤ ጆሮ ያደነቁራል። እኔ ራሴ ላይ ያን የሚያህል ባርኔጣ ጭኜ፣ እግሬ ላይ ነጠላ ጫማ አድርጌ ስንጎማለል አንድ ስለታም የብረት ስባሪ ነጠላ ጫማውን በስቶ ቀኝ ውስጥ እግሬን ወጋኝ። ቁስሉ ብዙም ሳይቆይ ዳነ።

ከብዙ ጊዜ በኋላ እዚያው አካባቢ፣ ተረከዜ አጠገብ፣ ጥቁር ነጥብ አየሁ። የካትዌው ብረት ነው አልኩና ተውኩት። መጀመሪያ ምስር ታክል ነበር፤ ቀስ በቀስ ባቄላ አከለች። አትቆጠቁጥም፣ አታሳክክም። አንድ ቀን ሶፋ ላይ እግሬን ዘርግቼ ስተኛ ሰብለ አየቻት።

"ይሄ ምንድነው?" አለች።

"የካትዌ ማስታወሻ ነው።"

"ሐኪም ለምን አታሳየውም?"

እኔም እንደ ሊቅ ጉሮሮዬን ጠራርጌ "ሰብልዬ፣ የቆዳ ካንሰር ከፀሐይ ነው የሚመጣው። ውስጥ እግር ደግሞ ፀሐይ አይቶ አያውቅም" አልኳት። ፊቴ ላይ አንዲት ትንሽ ጠቃጠቆ በወጣች ቁጥር መስተዋት ፊት ከጠዋት እስከ ቁርስ የምቆም ሰው፣ እግሬ ሥር ባቄላ የሚያህል ጥቁር ነገር እየረገጥኩ እዞር ነበር።

ጸሎተ ሐሙስ ደረሰ። በዚያ ዕለት ጌታችን የደቀ መዛሙርቱን እግር ማጠቡን በማሰብ ካህናት የምእመናንን እግር ያጥባሉ። የእኛ ቤተ ክርስቲያን ትንሽ ናት፤ የሚያጥቡን አባ ኪሮስ ናቸው። አባ ኪሮስ ቀጭን፣ ረጅም፣ ቀልድ የሚያውቁ መነኩሴ ናቸው። የእኔም የሰብለም የነፍስ አባት ናቸው። ለሥርዓቱ የሚሆነውን የወይራና የወይን ቅጠል በየዓመቱ ከአዲስ አበባ የማስመጣው እኔ ነኝ፤ ጭነት ክፍል መሥራት ለዚህ ለዚህ ይጠቅማል።

መቼም የእኛን ሰው ታውቁታላችሁ። እግር ሊታጠብ ሲሄድ ቤቱ ታጥቦ ነው የሚሄደው። እኔማ ከሁሉ ባስኩ። በሞቀ ውኃ ዘፈዘፍኩ፣ ተረከዜን ፈገፈግኩ፣ ጥፍሬን ቆረጥኩ፣ አዲስ ካልሲ አደረግኩ። ሰብለ እያየችኝ "አባ ምን ሊሠሩ ነው ታዲያ?" አለችኝ።

ከወንዶች ጋር ተራዬን ጠብቄ፣ እኔው ካትዌ ያሠራሁት አግዳሚ ላይ ተቀመጥኩ። አባ ኪሮስ ወገባቸውን በነጭ ፎጣ ታጥቀው ከፊቴ በርከክ አሉ። ዲያቆኑ ውኃውን ያፈሳል፣ እሳቸው በቅጠሉ ያብሳሉ። ግራውን አጠቡ። ቀኙን ያዙ። አንዴ አበስ አደረጉና ሊለቁኝ ሲሉ ቆም አሉ። እንደገና አበሱ። ዲያቆኑን "ጨምርበት" አሉት። ሌላ ቅጠል አነሡና አሹ። ይህኛው ማበስ ሳይሆን መፈተግ ነበር።

አጠገቤ የተቀመጡት ሰዎች አንገታቸውን አስግገው ማየት ጀመሩ። ከኋላ አንዱ ሳቁን ሲያፍን ሰማሁ። ያን ያህል ፈግፍጌ መጥቼ የቆሸሸ እግር ይዞ የመጣ ሰው ሆንኩ። ላብ አጠመቀኝ።

"ልጄ፣ ቅጥራን ረግጠሃል?" አሉኝ አባ በሹክሹክታ።

"አይለቅም አባታችን፣ የቆየ ቁስል ነው" አልኩ።

ከደረት ኪሳቸው መነጽራቸውን አውጥተው አደረጉ። እግሬን ወደ ብርሃን ዞር አድርገው አዩት። ተራ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ ተራውን ረስቶ የእኔን ውስጥ እግር ይመለከታል።

"ሐኪም አይቶታል?"

"ፀሐይ አያገኘውምኮ አባታችን..."

"ፀሐይ አየው ወይ አላልኩህም። ሐኪም አየው ወይ ነው ያልኩህ።"

አባ እግሬን በፎጣ አደረቁና ወደሚቀጥለው ሰው አለፉ። እኔም አዲሱን ካልሲዬን አድርጌ ኩም ብዬ ተነሣሁ። ከቅዳሴ በኋላ ጉልባን ስንበላ አንድ ወዳጄ "ጌታሁን፣ የራስህ ወይራ አላስለቀቀልህም አሉ" ብሎ ሰው ሁሉ ሳቀ። አብሬ ሳቅኩ። ሰብለ ግን አልሳቀችም። ከሴቶቹ በኩል ሆና አባ መነጽር ሲያወጡ አይታለች።

ፋሲካ አለፈ። እኔም ነገሩን ጆሮ ዳባ ልበስ አልኩት። ሰብለ በነገር ስትጠዘጥዘኝ ሥራ በዝቷል አልኩ። እውነቱን ለመናገር ሥራ ሁልጊዜ ይበዛል።

በዳግማይ ትንሣኤ አባ ኪሮስ ቤታችንን ጸበል ሊረጩ መጡ። ረጭተው፣ ባርከው፣ ማዕዱን ቀምሰው ሲያበቁ "ሐኪሙ ምን አለህ?" አሉኝ። ለነፍስ አባት አይዋሽም። "አልሄድኩም" አልኩ።

ሰብለ ከማዕድ ቤት ብቅ ብላ "ቀኖና ይስጡት አባታችን!" አለች።

አባ ጢማቸውን እያሻሹ አሰቡ። "ቸግሮኛልኮ። በዓለ ሃምሳ ነው። ስግደት እንዳልሰጠው ስግደት የለም። ጾም እንዳልሰጠው ጾም የለም።" ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። "ስለዚህ ቀኖናህ ሐኪም ቤት ነው። ይህችን ሳምንት እንዳታሳልፍ። ሐኪም አይደለሁም፤ ግን የብዙ ሰው እግር አጥቤአለሁ። አሽቼ እምቢ ያለኝ ያንተ ብቻ ነው።"

እየሳቁ ነው የተናገሩት። ዓይናቸው ግን አልሳቀም። በሕይወቴ ብዙ ቀኖና ተቀብያለሁ፤ የሐኪም ቀጠሮ የሚያዝበት ግን ይህ የመጀመሪያዬ ነበር።

የቆዳ ሐኪሟ ናጉሩ ኮረብታ ላይ ባለ ክሊኒክ የምትሠራ ዶክተር ናካቶ የምትባል ኡጋንዳዊት ናት። ባርኔጣዬን አድርጌ፣ ጃንጥላዬን ይዤ፣ ቅባቴን ተቀብቼ ገባሁ። ሰብለ አብራኝ ነበረች፤ ብቻህን አትሄድም ብላ።

"ምን ልርዳዎት ሴቦ?" አለችኝ ዶክተሯ። እዚህ ወንድን በአክብሮት ሴቦ ነው የሚሉት።

"ቄሴ ናቸው ስለ እግሬ የላኩኝ" አልኳት። "ግን ከመጣሁ አይቀር መጀመሪያ ፊቴን እዪልኝ።"

ትዕግሥተኛ ሴት ናት። ግንባሬን፣ ጉንጬን፣ ጆሮዬን፣ አንገቴን አንድ በአንድ አየች። "ፊትዎ የጎረምሳ ፊት ነው" አለችኝ። ወደ ሰብለ ዞሬ ቅንድቤን ከፍ አደረግኩ። ሰብለ "እግሩን ዶክተር፣ እግሩን" አለች።

ጫማዬን አወለቅኩ። ዶክተር ናካቶ እግሬን ገልብጣ አየች። ትንሽ መብራት ያለው ማጉያ አምጥታ ነጥቡ ላይ ደቅና ብዙ ቆየች። ከዚያ ጉልበቴን ከኋላ ዳበሰች፣ ብሽሽቴንም ዳበሰች፤ ያበጠ ነገር እንዳለ ለማየት ነው። ስንገባ የነበረው ጨዋታዋ ጠፍቶ ነበር።

"ናሙና ወስደን መመርመር አለብን" አለች። "ሜላኖማ የሚባል የቆዳ ካንሰር ሊሆን ይችላል።"

"አይሆንም" አልኩ። "ፀሐይ አይቶት አያውቅም!"

ከጎኔ የተደገፈውን ጃንጥላ አየችና ሁሉም ነገር የገባት መሰለኝ። ወንበሯን ወደ እኔ ሳብ አድርጋ እንዲህ አለችኝ፦

"ብዙ ሰው እንደ እርስዎ ነው የሚያስበው። የቆዳ ካንሰር ግን አንድ ዓይነት አይደለም። ፀሐይ የምታመጣው አለ። ፀሐይ ለዓመታት ቆዳን ስትመታ በሕዋሱ ዘረመል ላይ ጠባሳ እየተወች ትሄዳለች፤ ጠባሳው ሲበዛ ሕዋሱ መስመር ይስታል። ይሄ ነጮችን፣ እኛ ዘንድ ደግሞ አልቢኖ ሆነው የተወለዱትን ያጠቃል። እንደ እርስዎና እንደ እኔ ያለን ሰው ሜላኖማ ሲይዘው ግን ብዙ ጊዜ የሚነሣው ፀሐይ ከማታየው ቦታ ነው። ከውስጥ እግር፣ ከመዳፍ፣ ከጥፍር ሥር።"

"ፀሐይ ካላመጣችው ቀለል ይላል ማለት ነው?" አልኳት ተስፋ አድርጌ።

ራሷን ነቀነቀች። "የሚገርመው ብዙ ጊዜ ተቃራኒው ነው። የምትኖሩበት ፎቅ በሩ ላይ አስካሪ አለ?"

አስካሪ እዚህ የበር ዘበኛ ነው። "አለ" አልኳት።

"ልብሱ ተቀዳዶ፣ ፊቱን ጥላሸት ተቀብቶ የሚመጣን ሌባ አስካሪው ከሩቅ ያውቀዋል። ፀሐይ ያበላሸችው ካንሰር እንደዚያ ነው። ዘረመሉ በጣም ስለተቧጨረ ከጤነኛው ሕዋስ ጋር አይመሳሰልም፤ የሰውነት መከላከያ በቀላሉ ይለየዋል። መከላከያውን የሚያነቁት አዳዲሶቹ መድኃኒቶችም ብዙ ጊዜ እሱ ላይ የተሻለ ይሠራሉ። የእግሩ ግን ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ፣ አስካሪውን ሰላም ብሎ ነው የሚገባው። ዘረመሉ ላይ ያለው ለውጥ ጥቂት ነው። ሰውም ቁስል ነው፣ ጫማ ነው እያለ ይቆያል። ዘግይቶ ከተገኘ መድኃኒቱም ይቸገራል።"

"ብረት ነው እያለ" አለች ሰብለ ቀስ ብላ።

"ታዲያ ፀሐይ መሞቅ ነበረብኝ?" አልኩ። ከልቤ ነው የጠየቅኩት።

ዶክተሯ ሳቀች። "አይ ሴቦ! ሌባው ይታወቃል ብሎ ሌባ ወደ ቤቱ የሚጠራ ሰው የለም። ፀሐይ መጀመሪያውኑ በሽታውን የምታመጣ ናት። ባርኔጣዎን አይጣሉ። ነገር ግን አንድ ነገር ልንገርዎ። ትንሽ ሳለ ከተገኘ ቢላዋው ከየት መጣህ ብሎ አይጠይቀውም፤ ቆርጦ ያወጣዋል። አሁን ማወቅ ያለብን የእርስዎ ምን ያህል ወደ ውስጥ እንደገባ ነው።"

እግሬን አደንዝዛ ናሙናውን ወሰደች። ውጤቱ እስኪመጣ ጠብቁ ተባልን።

መጠበቅ የሚሉት ነገር ምን እንደሆነ ያኔ ገባኝ። ሥራ ቦታ ዕቃ ወዴት እንደምልክ ይጠፋኝ ጀመር። ቤት ስገባ ሰብለ ምንም እንዳልሆነ ሰው ታወራለች፣ እኔም ምንም እንዳልሆነ ሰው እበላለሁ። ሁለታችንም ስለ እግር አናነሣም። ፈርቼ ነበር። ሞትን ፈራሁ፣ እግሬን ማጣት ፈራሁ፣ ከሁሉ በላይ ሰብለን ብቻዋን መተው ፈራሁ። ለልጆቹ ውጤቱ ሳይመጣ አንናገርም ተባባልን፤ በስልክ ሲያገኙን ድምፃችን እንዳያስታውቅብን እየተቀባበልን እንቀልዳለን።

በጣም ተናድጄም ነበር። በማን እንደተናደድኩ አላውቅም። ያን ሁሉ ዓመት ጠላቴን ከላይ ስጠብቅ ከታች መጣብኝ። ያን ሁሉ ቅባት፣ ያን ሁሉ ስብከት!

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ሰብለ ገበያ ሄዳ ብቻዬን ነበርኩ። በረንዳችን ላይ ፀሐይ ግጥም ብላ ገብታለች። ምን እንደነካኝ እንጃ፣ ባርኔጣዬን አስቀምጬ ወጣሁ፤ ወንበር ላይ ተቀመጥኩና ቀኝ እግሬን በረንዳው ብረት ላይ ሰቅዬ ውስጥ እግሬን ለፀሐይ ሰጠሁት። እስቲ እይው፣ እስቲ ትንሽ ቧጭሪው፣ አስካሪው እንዲያውቀው አልኳት። ሞኝነት መሆኑን አውቃለሁ። ፈርቶ የማያውቅ ሰው ይፍረድብኝ።

ሰብለ የሚቀቀለውን የዚህ አገር ሙዝ፣ ማቶኬዋን ተሸክማ ስትገባ በዚያ ሁኔታ ላይ ያዘችኝ። በሩ ላይ ቆማ አየችኝ። መላጣዬ ያበራል፣ እግሬ ተሰቅሏል።

"ምን እያደረግክ ነው?"

"ይቅርታ እየጠየቅኳት ነው" አልኩና ወደ ፀሐይዋ ጠቆምኩ።

ሰብለ ማቶኬውን ጥላ ሳቀች። እኔም ሳቅኩ። ሆዳችንን ይዘን ሳቅን። ከዚያ ሳቁ መሀል ላይ ተገለበጠና ተቃቅፈን አለቀስን። ከዚያች ቅዳሜ በኋላ ስለ እግሬ ማውራት ቻልን። መፍራቱን ለሁለት ስንይዘው ቀለለኝ።

ውጤቱ የደረሰ ቀን ዶክተር ናካቶ ራሷ ደወለችና ኑ አለችን። ናጉሩን ስንወጣ ሰብለ እጄን ይዛ አልለቀቀችም። ገብተን ሳንቀመጥ ዶክተሯ ፊታችንን አይታ "መጀመሪያ ደጉን ልንገራችሁ" አለች። "ሜላኖማ ነው። ግን ገና ከላይኛው የቆዳ ንጣፍ አላለፈም። ወደ ውስጥ አልሰረገም። ዙሪያውን ጨምረን ቆርጠን እናወጣዋለን። እንዲህ ቶሎ የተገኘ ብዙ ጊዜ በዚሁ ያልቃል፤ ብቻ ክትትሉን እንዳትተዉ።"

ይሄ ደጉ ከሆነ ክፉው ምን ሊሆን ነው ብዬ አሰብኩ። "ክፉውስ?" አልኳት።

"ክፉው፣ ለጊዜው ቀኝ እግርዎን አይረግጡበትም። ቤትዎ ስንተኛ ፎቅ ላይ ነው?"

ሰብለ እዚያው ክሊኒክ ውስጥ እልል አለች። ኮሪደሩ ላይ የተቀመጡ በሽተኞች ልጅ የተወለደ መስሏቸው አጨበጨቡ። አንዲት እናት ብቅ ብለው ወንድ ነው ሴት ብለው ጠየቁን። ሰብለ "እግር ነው!" አለቻቸው። ግራ ገብቷቸው ሄዱ።

ቀዶ ጥገናው ደኅና ሆነ። ከጭኔ ላይ ስስ ቆዳ ወስደው ጉድጓዱን ሸፈኑት። ከሆስፒታል ስመለስ መታጠፊያው ላይ ያሉት የቦዳ ነጂዎች በክራንች ሲያዩኝ ሞተራቸውን ትተው መጡ። አንዱ ክራንቼን፣ አንዱ ጃንጥላዬን፣ ሁለቱ እኔን ይዘው ደረጃውን አወጡኝ። ባርኔጣዬን የያዘው ልጅ ራሱ ላይ አድርጎት ነበር፤ ጓደኞቹ "ሙዜ ኮፊያ!" እያሉ ሲጠሩት ሁለታችንም አቤት አልን።

አባ ኪሮስ ሊጠይቁኝ መጡ። የተጠቀለለውን እግሬን አይተው "ቀኖናህን ፈጽመሃል፣ እግዚአብሔር ይፍታህ" አሉኝ። ላመሰግናቸው ስጀምር እንባዬ ቀደመኝ። እሳቸውም "ተው ተው፣ በበዓለ ሃምሳ ልቅሶ የለም" አሉና ወሬ ለወጡ።

ዘንድሮ ጸሎተ ሐሙስ ሲደርስ እግሬ ድኖ፣ ምርመራውም እስካሁን ንጹሕ ሆኖ፣ ያው አግዳሚ ላይ ተቀመጥኩ። ቤቴ ታጥቤ ነው የሄድኩት፤ ያ አልቀረም። አባ ኪሮስ ግራውን አጠቡ። ቀኙን ሲይዙ ጠባሳው ላይ ደረሱና ቅጠሉን አስቀምጠው በእጃቸው ብቻ፣ በቀስታ አጠቡት። ከዚያ መነጽራቸውን አወጡና ሁለቱንም እግሬን ገልብጠው አዩ። ከእኔ ቀጥሎ ያለውንም ገልብጠው አዩ። የሁሉንም እያዩ ሄዱ። ሥርዓቱ ከወትሮው ብዙ ዘገየ፤ ማንም አላጉረመረመም።

ቅዳሴው አልቆ ሰው ሲበታተን አባ ባዶውን ሳፋ ይዘው ወደ ጓዳ ሲገቡ አየሁ። ያኔ ያላሰብኩት ነገር ድንገት መጣብኝ። ሰብለን ይዤ ተከትያቸው ገባሁ።

"አባታችን፣ የእርስዎን እግር ማነው የሚያየው?"

ቆም አሉ። "የእኔን?"

"እኔ ሰብለ አለችኝ። ሰው ሁሉ ሚስት አለው፣ ባል አለው፣ እናት አለው። መነኩሴን ማን ያየዋል?"

ለመቀለድ አፋቸውን ከፈቱ፤ ግን ቀልዱ አልመጣላቸውም። "ማንም" አሉ።

"እንግዲያው ይቀመጡ።"

"ተው ልጄ፣ ወግ አይደለም።"

"ወግ ነው ወይ አላልኩዎትም። ሰው አይቶታል ወይ ነው ያልኩዎት።"

ሳቁ። ሳቁና ተቀመጡ። በርከክ አልኩ፤ ጠባሳዬ ትንሽ ቆነጠጠኝ። ሰብለ ውኃ አፈሰሰች። አሮጌውን ካልሲያቸውን አውልቄ እነዚያን ብዙ መንገድ የሄዱ ቀጫጭን እግሮች አጠብኩ። ሲያስኮረኩራቸው እንደ ሕፃን ይሰበስቧቸው ነበር። የራሳቸውን መነጽር ተውሼ ተረከዛቸውን፣ የጣቶቻቸውን መሀል፣ ጥፍሮቻቸውን ሁሉ አየሁ። መዳፋቸውንም አየሁ። ምንም የለም። ንቃቃትና ጠንካራ ቆዳ ብቻ።

"ንጹሕ ነዎት አባታችን" አልኳቸው። አባ ግን ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው ነበር። ለረጅም ጊዜ ሰው እግራቸውን ነክቶት እንደማያውቅ ያኔ ገባኝ።

ባርኔጣዬን ዛሬም አደርጋለሁ፤ ዶክተር ናካቶ አትጣል ብላኛለች። ማኅበር ላይም መስበኬን አልተውኩም፤ ስብከቱ ግን ከራስ ወደ እግር ወርዷል፤ ሰብለም ሰዉን ተቀመጡ ማለቷን ትታ ካልሲ አውልቁ ትላለች። ደስተኛ ሰው ነኝ። ጠዋት ከአልጋ ስወርድ መሬቱ ቀኝ እግሬን ሲነካኝ ደስ ይለኛል፤ አንዳንዴ ሆን ብዬ ባዶ እግሬን እቆያለሁ።

ይህን ያነበባችሁ ሁሉ ዛሬ ካልሲያችሁን ስታወልቁ እግራችሁን ገልብጣችሁ እዩ። ጎንበስ ማለት ካቃታችሁ የሚያይላችሁ ሰው ፈልጉ። አባ ኪሮስ አግኝተዋል።